ለሁዶ ጣቶች የተሠራ ካርድ

ተሻለች የሠርግ ካርድ ሠሪ ናት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ሳለ ባሳደጋት ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛዋን አውጥታ ትውላለች። ምላጭ፣ ላጲስ፣ ያለቀ የነጠላ ጫማ ሶል፣ የማኅተም ቀለም፣ ስፖንጅ፤ ዕቃዋ ይኸው ነው። ሶሉን በምላጭ ትፈለፍለውና ቀለበት ይሆናል፣ የወይን ሐረግ ይሆናል፣ የመጋላ ሰፈር ሙሽሮች እጃቸው ላይ የሚሳሉት የሂና አበባ ይሆናል። ቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ ታሳርፈዋለች። በኮምፒዩተር የሚሠራ ካርድ በየማተሚያ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሰው እሷ ዘንድ የሚመጣው እጇን ፈልጎ ነው።

የሐዘን ካርድ ግን ሠርታ አታውቅም። ሥሪልኝ ያላትም የለም። ሰው ሲሞት ይኬዳል፣ ይለቀሳል፣ ፍራሽ ላይ አብሮ ይዋላል እንጂ ወረቀት የሚልክ ማን አለ?

ይህን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ዕድሜዋን የፈጀችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ገና በልጅነቷ ሽመና ክፍል ገባች። የማሽኑ ጩኸት ሰው ከሰው አያደማምጥም። የጎንህ ሰው አፉን ጆሮህ ላይ ደቅኖ ቢጮህ እንኳ የምትሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ሸማኔዎቹ ሁሉ በእጅ ነበር የሚነጋገሩት። ክር ተበጠሰ፣ ኃላፊው መጣ፣ ራበኝ፣ ተይው እባክሽ፤ ለሁሉም ምልክት ነበረው። ለየሰውም የእጅ ስም ነበረው። የተሻለች ስም የፊት ጥርስን በጣት መታ መታ ማድረግ ነበር፤ ፍንጭት ናትና።

ከሁሉም በላይ እጇ የሚናገረው ሁዶ ነበረች። ሁዶ የመጋላ ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች ኃይለኛ ትኩሳት ታመመችና ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። አንደበቷም አብሮ ቀረ። ሰፈር ውስጥ ሰው በዓይኑ እያለፋት አደገች። ፋብሪካው ስትገባ ግን ሁሉም ሰው እንደሷ ሆኖ አገኘችው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም አይሰማም፣ ማንም አይናገርም። ከእሷ የበለጠ ቀልድ የሚያውቅ፣ ከእሷ የበለጠ ሰው የሚያማ አልነበረም። ማሽኗ ከተሻለች ማሽን ጎን ነበር። ተሻለች ምልክቱን ከሌሎቹ ሸማኔዎች ሥራ ሥራውን ተማረች፤ ከሁዶ ግን የሆድ የሆዱን ተማረች። ባል ያገባች ጊዜ፣ ፅንሱ የወረደባት ጊዜ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ አትወልጂም ያላት ጊዜ፣ ያን ሁሉ የነገረችው በእጇ ለሁዶ ነው። በአፏ ለማንም አልተነፈሰችም።

ሁዶ አንድ ልጅ ወለደች። አኒስ አለችው። በዕረፍት ሰዓት እናቶች ሁሉ ወደ ሕፃናት ማቆያው እየሮጡ ሲያጠቡ ተሻለችም ሁዶን ተከትላ ትሄድ ነበር፤ የሚጠባ ልጅ ባይኖራትም። አኒስ ሲጠባ አንድ ልማድ ነበረው፤ ትንሽ እጁን ይዘረጋና የእናቱን ጆሮ ጫፍ ይይዛል። ካልያዘ አይጠባም፣ ካልያዘ አይተኛም። ጡት ከጣለ በኋላም አልተወውም። ስለዚህ የእጅ ስሙ ያው ሆነ። ሁዶ ልጇን ስትጠራ የገዛ ጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ታደርጋለች። እሱም ከሩቅ አይቶ ይመጣል።

ፋብሪካው እየተዳከመ ሄዶ ሠራተኛ ሲቀንስ ሁለቱም ወጡ። ሁዶ ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሎሚ ዘርግታ ልጇን አሳደገች። ልጁ አድጎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ሹፌሩም አብሮ አደጉ ነበር። ዐብዲከሪም ይባላል፣ ከከተማው ወጣ ብላ ዋሂል የምትኖረው የቱሪያ ልጅ ነው። ለትምህርት ድሬዳዋ ሲመጣ የሚያድርበት ቢያጣ ሁዶ ቤት አድሮ፣ የሁዶን ሩዝ በልቶ ነው ያደገው። ሁለቱ ወጣቶች ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ ጭነት ይዘው ሲመለሱ መኪናው ተገለበጠ። ሁለቱም ሞቱ።

ለተሻለች የደወለችላት የሁዶ ታናሽ እህት ናስራ ናት።

«ተሼ፣ ነይ። አኒሳችን ሞተ» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ተሻለች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ገባች። መንገዱ በድንኳን ተዘግቷል። ወንዶቹ ከውጭ ቁርአን እየተቀራ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከውስጥ ናቸው። ሁዶ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። ዓይኗ ተጨፍኗል።

መጀመሪያ ተሻለች የደከማት መሰላት። አጠገቧ ተንበርክካ ትከሻዋን ነካቻት፤ አልገለጠችም። እጇን ይዛ በሁዶ ጣት የራሷን ፍንጭት ጥርስ ልታስነካ ሞከረች። ሁዶ እጇን ነጥቃ ከሻሿ ሥር ደበቀችው።

«እንዲህ እንደሆነች ነው» አለች ናስራ፣ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቶ። «ሬሳውን ሊያወጡት ሲሉ አየችው፣ ከዚያ ጨፈነች። አቦ ተሼ፣ እኛ ብንጨፍን የሚመጣውን እንሰማለን። እሷ ከጨፈነች እኮ በሩን ቆለፈች ማለት ነው። ከውጭ ሆኜ በምን ላንኳኳ?»

 ተሻለች እስከ ማታ ድረስ ከሁዶ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። ሴቶች እየገቡ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይሏታል። ከንፈር ይመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይወጣሉ። ሁዶ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ አታውቅም። ውኃ ከንፈሯ ላይ ሲያደርጉላት ትጎነጫለች። ምግብ ሲያቀርቡላት አፏን ትገጥማለች።

በማግስቱም እንዲያው ነበር። በሦስተኛውም።

እንግዲህ ተሻለች ካርድ ልሥራላት ብላ የተነሣችው ያኔ ነው። ሌላ የምታውቀው ነገር ስለሌላት ነው። ዓመድማ ወፍራም ወረቀት አጠፈች። ሶል ላይ አንዲት የኒም ቅጠል ቀረጸች። ሐምራዊ ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ራስጌ ላይ አሳረፈቻት፤ ከዚያ እንደገና ቀለም ሳታስነካ ከሥሯ ደገመቻት፣ አሁንም ሳታስነካ ሠለሰቻት። ማኅተም ቀለም ካልጨመሩለት ባረፈ ቁጥር ይደበዝዛል። ከላይ ደማቅ የነበረችው ቅጠል ታች ስትደርስ የጉም ያህል ቀለለች። ካርዱ ሲያልቅ ራሷን አስለቀሳት።

ይዛ ሄደች። ሁዶ ጭን ላይ አኖረችው። ሁዶ ዓይኗን አልገለጠችም። ማታ ላይ ሴቶቹ ሲነሡ ካርዱ ከጭኗ ተንሸራቶ ወደቀ። ተሻለች በነጋታው ስትመለስ መስኮቱ ሥር አገኘችው፤ አንዷ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጣበት ክቡ ምልክት በቅጠሎቹ መሀል ቀርቷል።

ናስራ ደነገጠች። «ወላሂ አላየሁም ተሼ። አውፍ በይኝ።»

«ተይ፣ ምንም አይደል» አለች ተሻለች። እውነቷን ነው፤ በብርጭቆዋ አልተቀየመችም። ያፈረችው በራሷ ነበር። ዓይኗን ለጨፈነች ሴት የሚታይ ነገር ሠርቶ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ያን ካርድ ለማን ሠራሁት፣ ለገዛ ዓይኔ አይደለም እንዴ እያለች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በረንዳው ላይ አንዲት የሙሽራ እናት ቆማ ትጠብቃት ነበር። ለልጇ የሚሆን ናሙና ልትመርጥ ነው የመጣችው። ሴትየዋ አንዱን ካርድ አንሥታ በሙሽሮቹ ስም ላይ አውራ ጣቷን ወዲያና ወዲህ አመላለሰች። ስሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ነበርና ጣት ላይ ይሰማል። ሰው ሁሉ ያን ካርድ ሲያነሣ እንዲያ ያደርጋል፤ ሳያነበው ይዳስሰዋል። ተሻለች የሴትየዋን ጣት አይታ ንግግሯን አቋረጠች።

«ይቅርታሽን እናቴ፣ ዛሬ አልችልም። ለቅሶ አለብኝ» አለቻትና ወደ ቀፊራ ወረደች።

ያን ከፍ ያለ ጽሕፈት የምትሠራበትን ነገር የምታገኘው ከራዲዮ ጠጋኙ ከይሳቅ ነው። ጠጋኞች ሽቦ ሲበይዱ የሚጠቀሙበት ብርጭቆ የሚመስል ቢጫ ሙጫ አለ። እሱን ወቅጣ በሻሽ ትነፋዋለች። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ዱቄቱን ትነሰንስበታለች። ወረቀቱን ዘቅዝቃ ስታራግፈው ቀለም የነካው ቦታ ላይ ብቻ ይቀራል። ከዚያ የጋለ ካውያ ከሥሩ ታስጠጋለች። ዱቄቱ ቀልጦ ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠባሳ ቆሞ ይቀራል።

ምን እንደምትቀርጽ አላመነታችም። ጆሮ ነው የምትቀርጸው። የጆሮውንም ጫፍ የያዘች የሕፃን እጅ። ከምላጩ በፊት ግን ለናስራ ደወለች።

«ምስል ብሠራ ይከፋችኋል?»

 «ፊት አታድርጊበት፣ በእኛ ሃይማኖት አይፈቀድም» አለቻት ናስራ። «ዓይንና አፍ ከሌለው ምንም አይደል። ምን ልትሠሪ ነው?»

ተሻለች ነገረቻት። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ልቅሶ ብቻ ተሰማ።

ለሥራው ላጲስ መረጠች፤ ሶሉ ለጥቃቅን ነገር አይሆንም። የሕፃን ጣት ምን ያህል እንደሆነ ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። ማቆያው ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ የሁዶ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት፣ በላቧና በጥጥ ብናኝ የነጣ ፀጉሯ፣ አኒስ ሲጠባ የሚያሰማው ትንሽ ማቃሰት ሁሉ መጣባት። ሁዶ ያን ማቃሰት ሰምታው አታውቅም። የምታውቀው ጆሮዋ ላይ የሚይዛትን እጅ ብቻ ነው። ይህን ስታስብ ምላጩ ስቶ ጣቷን ቆረጣት። በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች።

የመጀመሪያውን ካውያው አቃጠለባት፤ ሙጫው ጠቆረ፣ ወረቀቱም ቡናማ ሆነ። ሌላው ላይ ማኅተሙን በአንድ ወገን ስለተጫነችው የጆሮው ጠርዝ ጠፋ። ደግማ ስታትም ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነበር፤ እንባዋ ዱቄቱ ላይ ቢወድቅ ያበላሸዋል። ይኼኛው ወጣላት። ሲቀዘቅዝ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ሄደችበት። ጆሮው አለ። ትንሿ እጅም አለች።

ካርዱን ስትከፍተው ከውስጡ አንድ የተዘረጋ መዳፍ አተመችበት። ሽመና ክፍል ውስጥ አንዷ ታማ ወይም ልጇን ልታጠባ ስትሄድ ጎረቤቷ መዳፏን ዘርግታ የገዛ ደረቷ ላይ ታሳርፍላታለች። ሂጂ፣ ማሽንሽን እኔ አይልሻለሁ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የማጽናኛ ቃል በየትኛውም ቋንቋ አታውቅም ነበር።

መጋላ ስትደርስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከጂጂጋ የመጣች አንዲት ትልቅ አክስት ከሁዶ በስተቀኝ ተቀምጣለች። ተሻለች ሰላምታ ሰጥታ ተጠጋችና የሁዶን እጅ ከሻሿ ሥር ቀስ ብላ አወጣች። ሁዶ ልትነጥቃት ሞከረች። ተሻለች አልለቀቀቻትም። አመልካች ጣቷን ይዛ ካርዱ ላይ አኖረችው።

ጣቱ እንደሞተ ነገር ተቀምጦ ቆየ። ከዚያ ጥቂት ሄደ። የጆሮውን ክብ ተከትሎ ወረደ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ወረደ፣ የሕፃኑን እጅ አገኘ፤ አንድ በአንድ ጣቶቹን ዳሰሰ።

ሁዶ አፏን ከፈተች። ከውስጧ የወጣውን ድምፅ ተሻለች በዚያ ሁሉ ዘመን ሰምታው አታውቅም። ልቅሶም አይደል፣ ጩኸትም አይደል፤ ተሰምቶ ስለማያውቅ ማንም ያልገራው ድምፅ ነው። ከውጭ ቁርአን የሚቀራው ሰው አቋረጠ። አንዲት ሕፃን ፈርታ እናቷ ጉያ ገባች። ሁዶ ካርዱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘች ጮኸች።

አክስትየዋ ተቆጣች። «ምን ብትነግሪያት ነው? ደህና ተረጋግታ የተቀመጠችውን!»

«አልተረጋጋችም ነበር እማ…»

«ቁስል ይነካካል እንዴ? የክርስቲያን ለቅሶ እንደዚህ ነው? ውጪ ልጄ፣ ውጪልን። ካርዱንም ውሰጂው።»

ሊወስዱባት ቢሞክሩ ግን ሁዶ አልለቀቀችም። ናስራ እያለቀሰች ተሻለችን እስከ በሩ ሸኘቻት። «አትቀየሚ፣ ትልቅ ሰው ናት» አለቻት።

ተሻለች በባጃጅ ወደ ከዚራ ተመለሰች። ያን ድምፅ ከጆሮዋ ልታወጣው አልቻለችም። ቤቷ ገብታ ምላጩንም ላጲሱንም በጨርቅ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር ወረወረችው። የሙሽራዋ እናት ስትደውል አላነሣችም። ልክ ነው ያደረግኩት ስትል ትውልና፣ ደግሞ ምናለ ብተዋት፣ ምናለ ሐዘኗን በጨለማዋ ይዛ ብታርፍበት ትላለች። ሰው ጠልቶ ሳይሆን ደክሞት ዓይኑን ቢጨፍን ማን ግለጥ ሊለው ይችላል?

አክስትየዋ ወደ ጂጂጋ ከተመለሰች በኋላ ናስራ ደወለች።

«ዓይኗን ገልጣለች» አለች። «ሾርባ ጠጣች። አሁን ጥርሷን እየመታች አንቺን አምጪልኝ ትላለች።»

ሁዶ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል፣ ነጩ ቀልቷል። ፊቷ ዕድሜዋን እጥፍ ሆኗል። ካርዱ ጭኗ ላይ ነው፤ ከመታሸት ብዛት ጠርዙ ተበጣጥሷል። ተሻለች ከፊቷ ተቀመጠች። 

«አመመኝ» አለች ሁዶ በእጇ።

«አውቃለሁ።»

«ሰዎቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ቁጭ ብዬ አፍ ሳይ ደከመኝ። ለዚያ ነው የጨፈንኩት። ጨለማው ውስጥ ደግሞ እሱም አልነበረም። እፈልገዋለሁ፣ የለም።» ጆሮዋን ቆነጠጠች። «አንቺ ስታመጪው ነው የመጣው። ሞቶም ቢሆን መጣ።»

ተሻለች ማልቀስ ጀመረች። ሁዶ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችላት። ከዚያ ሁለት እጇን ጨብጣ መሪ እንደሚያዞር ሰው አዞረች። የዐብዲከሪም የእጅ ስም ነው፤ ልጅ ሳለ ሩዝ በበላበት ሳሕን ጭምር መኪና ሲነዳ ይውል ነበር።

«እናቱ ጋ ማን ሄደ?»

ተሻለች ወደ ናስራ ዞረች። ናስራ አንገቷን ደፋች። «ማንም አልሄደም» አለች በአፏ። «ምን ብለን እንሂድ? ተኝቶ ነው የገለበጠው ይላሉ። ዘመዶቻችን ስሙን እንኳ አንስማ ብለዋል።»

ተሻለች የተባለውን ሁሉ ለሁዶ አስረዳቻት። ሁዶ ነገሩን ከእነሱ በፊት ታውቀው ነበር።

«አንቺስ?» አለቻት ተሻለች። «ትጠይዋለሽ?»

 የሁዶ እጆች በጣም ቀስ ብለው ተነሡ።

«ሞከርኩ። ስጠላው እዚህ ቤት የበላው ሩዝ ይመጣብኛል። ለእሷም አንድ ሥሪላት።»

«ለቱሪያ?»

«ለእናቱ። አብረን እንሥራው።»

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ሁዶ ከዚራ መጣች። ከቤት ስትወጣ ልጇ ከሞተ የመጀመሪያዋ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምን ይሁን ብለው ተማከሩ። ሁዶ የሁለት ልጆች ነጠላ ጫማ ይሁን አለች፣ በሯ ላይ ጎን ለጎን እንደሚያወልቁት። ተሻለች አንድ ጥንድ ጫማ ቀረጸች። ለሁለቱም ይበቃል፤ ማኅተም ነውና ይደገማል። ሁዶ ራሷ ልትጫነው ፈለገች። ቀለም አስነክታ የመጀመሪያውን አሳረፈች። ተሻለች እጇን ይዛ፣ ቀለም ሳትጨምር፣ ሁለተኛውን ከጎኑ አሳረፈችላት። ደብዝዞ ወጣ። እንዲያ ሲሆን ለዓይን ያምራል ብላ ነው።

ሁዶ ወረቀቱን ገፋችው። «ለምን ይሄኛው ፈዘዘ?»

«እንዲሁ፣ እንዲያምር ብዬ ነው።»

«እኩል አጥቁሪያቸው። ሁለቱም እኩል ነው የሞቱት።»

ተሻለች ሌላ ወረቀት አመጣች። በየጫማው ፊት ማኅተሙን ስፖንጁ ላይ በደንብ ጫኑት። ዱቄቱን ነሰነሱ፣ ካውያውን ሁዶ ያዘች። ሙጫው ሲቀልጥ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው አዩት።

ናስራ አልሄድም አለች። ዘመድ ምን ይለኛል፣ እናንተ አይፈረድባችሁም፣ እኔ ግን ነገ ከእነሱ ጋ ነው የምኖረው አለች። ሆኖም ስኳርና ሩዝ ቋጥራ ሰጠቻቸው።

ዋሂል ሲደርሱ የቱሪያን ቤት የሚያሳያቸው ሰው ብዙ አልፈለጉም። ግቢው ጭር ብሏል። ድንኳኑ ተነቅሎ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ቱሪያ በሯ ላይ ጥሬ ትለቅም ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ሁዶን ስታይ ሰፌዱን ይዛ ተነሣች፤ ከዚያ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀና ማሽላው ተበተነ። ልትሸሽ ወይ ልትንበረከክ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ኢልሚ ኪያ ኢልማ ኬ አጄሴ» አለች በኦሮምኛ።

ልጄ ልጅሽን ገደለው ማለቷ ነው። ተሻለች ሰምታዋለች። ሁዶ ወደ ተሻለች ዞራ ትርጉሙን ጠበቀች። ተሻለች እጆቿን አነሣች፤ አልታዘዝ አሏት። ገደለ የሚለውን ምልክት ከሁዶ ነበር የተማረችው፣ ያኔ፣ በቀልድ። አሁን በዚያው እጅ ልትለው አልቻለችም።

ሁዶ ጥቂት አየቻትና ተወቻት። ማንም ሳይተረጉምላት ተራምዳ ሄደች፤ ቱሪያን በሁለት ክንዷ አቀፈቻት። ሁለቱ ሴቶች የተበተነው ማሽላ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሁዶ ያን ድምፅዋን አወጣች። ቱሪያ አልፈራችውም፤ ከእሷ ጋር አብራ ጮኸች።

ሲበርድላቸው ሁዶ ካርዱን ሰጠቻት። ቱሪያ ወረቀት መያዝ አልለመደችም። ዘቅዝቃ ያዘችው፣ ተሻለች አቀናችላት። ጣቷ ከፍ ያለውን ነገር ሲነካ ደነገጠች። ዳሰሰችው።

«ጫማ ነው» አለች።

«አዎ፣ የልጆቹ።»

«የትኛው የእኔ ልጅ ነው?»

ተሻለች ጥያቄውን በእጅ ለሁዶ አስተላለፈች። ሁዶ ካርዱን አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ እጆቿ በፍጥነት መናገር ጀመሩ። ተሻለችም እየተከተለች በኦሮምኛ አሰማቻት።

«እኔም አላውቅ ነበር ትላለች። ሁለቱም ጫማቸውን ሳያዩ ነበር የሚወጡት። አንዱ የአንዱን አድርጎ ይሄዳል። ማታ ሲመለሱ አንድ ቀኝ የእሱ፣ አንድ ግራ የጓደኛው። ብቆጣቸውም አልተዉም ትላለች።»

የቱሪያ ፊት ተጨማዶ፣ ሳቅም ልቅሶም ሊሆን ሲያመነታ ቆየ። «እዚህም ሲመጣ ሁሌ ጫማው አይመሳሰልም ነበር» አለች። «ድህነት ነው ብዬ… ደሀ ስለሆንን ነው ብዬ አዝን ነበር።» ከዚያ ካርዱን ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

እስከ ከሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ማሽላውን ሦስቱ ሆነው ከአሸዋው ለቀሙ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ብቅ እያሉ አዩ፤ በመጨረሻ አንዷ ደፍራ ወተት ይዛ ገባች። ሲለያዩ ቱሪያ የሁዶን እጅ ሳመች፣ ሁዶም የእሷን።

ናስራ እንደፈራችው ሆነ። ዘመዶቻቸው ነገሩን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ከሁዶ ቤት ቀሩ፤ የጂጂጋዋ አክስት እስከ ዛሬ አታነጋግራትም። ሁዶ ግን ግድ አላላትም። ሐዘኗም አልቀለለም። የሚቀልል አልነበረም።

ያን ዕለት ከዋሂል ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሁዶ መስኮቱን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሹፌሩ ገና ልጅ ነው፤ ማጠፊያው ላይ ሲፈጥን ሁዶ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች። ፊቷ ነጣ። ተሻለች አይታ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ ቀስ በል እስቲ» አለችው። «እናት ይዘሃል።»

ልጁ በመስታወቱ አያቸው። ፍጥነቱን ቀነሰ።